መኪና የሌለው መሪ

የሐይቅ ከተማ ልጅ ከዓረብ አገር ሲመለስ ወርቅ ይዞ ይመጣል፤ ቢያንስ ብርድ ልብስና ትልቅ ቴሌቪዥን። እኔ መሪ ይዤ መጣሁ። የመኪና መሪ፣ ከነመርገጫው፣ መኪና የሌለው። ካርቶኑ ከአውቶቡስ ላይ ሲወርድ የሰፈሩ ሰው ከቦን ነበር፤ ተከፍቶ ሲታይ አንዱ ጎረቤታችን "መኪናው በኋላ ይመጣል?" ብሎ ጠየቀ። የለም፣ ይኸው ነው አልኩት። ያን ቀን የወጣልኝ ስም እስከ ዛሬ አለቀቀኝም፤ ዘሀራ ባለመሪዋ።

ጊዜውም ለቀልድ የተመቸ ነበር። ለውጥ መጣ ተብሎ በየሻይ ቤቱ መሪ ሲወደስና መሪ ሲወቀስ ይዋላል። ትናንት ያሞገሰውን ዛሬ የሚረግም ሰው ሁሉ የእኔን ካርቶን ሲያይ ፖለቲከኛ ሆነ። "አገሩ መሪ አጥቶ ሲጨነቅ አንቺ በካርቶን ይዘሽው ኖሯል" ይሉኛል። እኔም እስቃለሁ። ሰው በማያውቀው ነገር ለመሳቅ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ብጠየቅም አልከለክልም ነበር።

መሪውን ያገኘሁት ኩዌት ከሠራሁበት ቤት ነው። የማዳሜ ልጅ ጢሙን ያበቀለ ጎረምሳ ነው፤ ሥራው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ በኮምፒውተር መኪና መወዳደር ብቻ ነበር። እውነተኛ የመኪና ወንበር በብረት አስሮ፣ መሪ ገጥሞ፣ ከዓለም ዙሪያ ካሉ መሰሎቹ ጋር ይሽቀዳደማል። ሲያሸንፍ ጀግናው እሱ ነው፤ ሲሸነፍ ጥፋተኛው መሪው ነው። ያኔ እኔን ከወለል መጥረጊያዬ ይጠራኛል። ወንበሩ ላይ አስቀምጦኝ እሱ ቁጥር እየቀያየረ "አሁንስ ከበደ? ቀለለ? ተንቀጠቀጠ?" እያለ ይጠይቀኛል። የሚፈልገው የእኔን እጅ ነበር እንጂ እኔን አልነበረም። እጄ ግን ከእኔ ጋር ነበርና ተማርኩ።

የተማርኩት ይህን ነው። መሪው ውስጥ ሞተር አለ። ስክሪኑ ላይ ያለችው መኪና ጠጠር ስትረግጥ መሪው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። የፊት ጎማዎቿ መሬቱን ሲነክሱ ይከብዳል። መሬቱን ሲስቱ፣ ማለትም መኪናዋ ልትንሸራተት ስትል፣ መሪው በድንገት ይቀላል። እነሱ ፎርስ ፊድባክ ይሉታል፤ እኔ ወሬ ነጋሪ እለው ነበር። የመኪናዋንም ጠባይ በቁጥር ታስተካክላለህ፤ ክብደቷን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ታዞራለህ፣ የጎማዋን ነፋስ ትቀንሳለህ። አንድ ነገር ብቻ ትቀይርና ትሞክራለህ፤ እጅህ ያለውን ትሰማለህ። ጎረምሳው ግን መስማት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። አዲስና ውድ መሪ ገዛና አሮጌው ለእኔ ደረሰ። ማዳም "ይህን ኮተት ከቤቴ አውጪልኝ" ብላ ነው የሰጠችኝ።

ሐይቅ አስፋልቱ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ጌም ቤት ከፈትኩ። ደንበኞቼ የባጃጅና የሚኒባስ ሹፌሮች ናቸው። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዘው ይውሉና ሲመሽ ገንዘብ ከፍለው መሪ ለመያዝ ይመጣሉ፤ ይህን ያየ ሰው ስለ ወንድ ልጅ ብዙ ይማራል። እያንዳንዱ ወንበሩ ላይ ገና ሳይመቻች የሚናገረው ቃል አንድ ነው፤ "አክብጂው።"

ነገሩ ያለው ከቃሉ ላይ ነው። በእኛ ቋንቋ የከበደ ሰው የተከበረ ነው፤ የቀለለ ሰው የተናቀ ነው። ስለዚህ ቀላል መሪ መያዝ እነሱ ዘንድ መቅለል ነው። "መሪው ቀለለ" ስላቸው ጎማው መንሸራተቱን እየነገርኳቸው እንደሆነ ትተው ስድብ ይሰማሉ። ኃይሉን እስከ ጥግ ሳደርግላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ክንዳቸው ይወጣጠራል፣ ያልባቸዋል። ግን ያኔ ወሬ ነጋሪው ሞተ ማለት ነው። የሰርግ ቤት ሞንታርቦ እስከ ጥግ ሲከፈት ዘፈኑ አምባሰል ይሁን ባቲ አይለይም፤ ጩኸት ብቻ ነው። መሪውም እንደዚያው። ሁሉም ነገር እኩል ይከብድና የሚቀልበት ሰዓት አይታወቅም፤ ከዚያ ገደል።

ከሁሉም የባሰው ይማም ነበር፤ የታናሽ እህቴ የሉባባ ባል። ከሐይቅ ደሴ በሚኒባስ ይሠራል፤ ዝናብም ቢዘንብ ጥቁር መነጽሩን አያወልቅም። አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ተንሰራፍቶ ተቀመጠና መሪውን ነቀነቀው።

"ይችን አክብጃት እንጂ ዘሀራ፤ የልጅ መጫወቻ አስመሰልሻት።"

"ከከበደ ወሬውን አትሰማም" አልኩት።

"የምን ወሬ? መሪ የሚያዘው ወሬ ለመስማት ነው እንዴ? ወላሂ፣ መሪ ማለት ጨብጦ መያዝ ነው።"

አከበድኩለት። በመጀመሪያው ኩርባ ገደል ገባ። ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ገባ። ከዚያ ተነስቶ መሪው ተበላሽቷል ብሎ ለሰው ሁሉ አወራ። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ይባላል፤ ይማምን ግን አያያዙን እያዩ ተሳፋሪ አሳፈሩት።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲቃረብ ይማም የጦር አዋቂ ሆነ። ጦር የሚሄደው በአስፋልት ነው፣ ተራራ ለመውጣት ምን አቅብጦት አለና ሉባባን አምባሰል ተራራ ላይ ወዳለው አጎቱ ቤት ወሰዳት። ሉባባ እርጉዝ ነበረች፣ ወሯም የገባ። የመጀመሪያ ልጇን ደሴ በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው። ሁለተኛውም ያለ ሆስፒታል እንዳይሆን፣ ምጡ ቤት ውስጥ ከገፋ የድሮው ስፌት ተተርትሮ እሷም ልጁም ሊሞቱ እንደሚችሉ ነርሷ ቁጭ አድርጋ ነግራታለች። ይማምም ሰምቷል። እናታችን ለምና፣ እኔ ተጣልቼ፣ እምቢ ብሎ ወሰዳት።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በዚያው ክረምት ጦርነቱ ይማምን ሳያማክር በአስፋልቱም በተራራውም መጣ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሲቆራረጥ የከረመው ስልክ ሠራና ሉባባ ደወለች። "ዘሀራ፣ ጀመረኝ" አለች። ሌላ ነገር ሳትል ተቋረጠ።

ሮጬ መናኸሪያ ሄድኩ። ይማም መንገዱ እስኪጣራ ነገ በጠዋት እንወጣለን አለ። አልተከራከርኩትም። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ የፊቱ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ሳይነሳ እንደማልወርድ ነገርኩት። ሰው ሁሉ ሲያየው አፈረና ሞተር አስነሳ። ወንድነቱ የሚነሳው ተመልካች ሲኖር ነው።

ስንወጣ መንገዱ ብዙም አልከፋም። ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ተራራውን እየተጠማዘዘ የሚወጣ ፒስታ ነው። ደርሰን ሉባባን ስናገኛት ግድግዳ ተደግፋ ላብ አጥምቋታል። አጎቱ አብዬ እንድሪስ፣ ነጭ ጺማም ሽማግሌ፣ የሕክምና ሰዎቹ ሁሉ መሸሻቸውን ነገሩን። ከሰሜን በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማል። መኪና መጣ ሲባል የመንደሩ ሰው ከነጓዙ ደረሰ፤ ማንን ትተህ ማንን ትጭናለህ? የእህል ጆንያው ጣሪያው ላይና ከኋላ ተከመረ፣ ሰው በሰው ላይ ተቀመጠ። ልንነሳ ስንል ዝናቡ ወረደ።

ቁልቁለቱን ስንጀምር ዓይኔን ከይማም እጅ ላይ አላነሳሁም። አንደኛው ኩርባ ላይ መሪውን ጠመዘዘ፤ መኪናዋ ግን ጥቂት ወደ ፊት ከሄደች በኋላ ነው የታጠፈችው። መሪው እጁ ላይ ያለ ሥራ ሲሽከረከር አየሁት።

"መሪው ቀለለ" አልኩ።

"ማን ነው የቀለለ?" አለ ዞር ብሎ።

"መሪው። ጎማው ጭቃው ላይ እየዋኘ ነው። ጭነቱ ሁሉ ከላይና ከኋላ ሆኖ ፊቷ አይነክስም። ሲቀልብህ መጠምዘዙን አትጨምር፤ መልስና ፍሬኑን ልቀቅለት።"

"ሰው ፊት አታቅልይኝ" አለኝ ጥርሱን ነክሶ። "ሹፌሩ እኔ ነኝ። አንቺ የጌም ቤት ነሽ።"

ከኋላ ሉባባ አቃሰተች። ይማም እኔን ለማሳፈር ፈጠን አለ። ቀጣዩ ኩርባ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘው፤ መኪናዋ አልሰማችውም። እሱ ይጨምራል፣ እሷ ቀጥ ብላ ትንሸራተታለች። ከገደሉ አፋፍ ላይ የተከመረ አፈር ያዘንና ሞተሩ ጠፋ። በፊት መስታወቱ የሚታይ መንገድ አልነበረም፤ ጉምና ባዶ ብቻ። ግማሹ ሰው ያ አላህ ይላል፣ ግማሹ የግሸኗን እመቤት ይጠራል። እኔ አንዱም አፌ ላይ አልመጣልኝም፤ ሉባባ፣ ሉባባ ብቻ እል ነበር።

ሰው አንድ በአንድ በቀስታ ወረደ። ሉባባን ደግፈን አውርደን ጆንያ ላይ አስቀመጥናት፤ አንዲት ሴትዮ ፕላስቲክ ዘረጋችላት። ወንዶቹ መኪናዋን ወደ መንገዱ ገፍተው ለመመለስ ተዘጋጁ። መሪው ግን ቀጥ ማለት አለበት፣ ይማም ደግሞ ጥግ ድረስ እንደጠመዘዘው ጨብጦ ተቀምጧል። መልሰው ይሉታል፣ አይሰማም። መነጽሩ ወድቋል፣ ዓይኑ ገደሉ ላይ ተተክሏል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ይማም ደግሞ ወረቀት አልነበረም።

አብዬ እንድሪስ ወደ መስኮቱ ተጠጉ። ተቆጥተው አልነበረም።

"ልጄ" አሉት፣ "አንተ መሪውን አልያዝኸውም፤ እሱ ነው አንተን የያዘህ። አብሽር። ልቀቅላት።"

ጣቶቹን አንድ በአንድ ከመሪው ላይ አላቀቁ። እሱም እንደ ሕፃን ወረደ። ለማን ነው የሚለቀው ብሎ ሰው ሲጠይቅ አብዬ እንድሪስ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። "ለባለመሪዋ" አሉ። ስሜ ተራራ ላይ ደርሶ ኖሯል።

ያኔ ጉርምርምታ ተነሳ። ፕላስቲክ የዘረጋችው ሴትዮ ነገሩን ቁጭ አደረገችው፤ "እሷ የምትነዳ ቴሌቪዥን ነው እኮ!" እውነቷን ነው። እውነተኛ መኪና ነድቼ አላውቅም። ልክ እንዳላት ልነግራት አፌን ስከፍት ሉባባ ከጆንያው ላይ ቀደመችኝ። "ዘሀራ ትንዳኝ" አለች። "ከልጅነታችን ጀምሮ እኔን የምትሰማ እሷ ነበረች። መኪናውንም ትሰማዋለች።" የሚያምጥ ሰው ቃል አይመለስምና መንገድ ለቀቁልኝ።

ፈራሁ። ግን ከመሪው በፊት የሚሠራ ሥራ እንዳለ አወቅሁ። ከጣሪያውና ከኋላ ያለው ጆንያ ሁሉ ወርዶ ጥቂቱ ብቻ ከሹፌሩ ወንበር ኋላ እንዲገባ፣ ሌላው እዚያው እንዲቀር አዘዝኩ። መራመድ የሚችል በእግሩ ይከተል አልኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ በምስማር የጎማዎቹን ነፋስ ማስተንፈስ ጀመርኩ። ይሄኔ ይማም ነቃ። ሚስቱ ስታምጥ ያልተንቀሳቀሰ ሰው፣ ጎማ ፍስ ሲል ሲሰማ ዘሎ መጣ።

"ጎማዬን! አስተንፍሰሽ ልትጨርሽን ነው?"

ጎማ ሲለሰልስ ጭቃውን በሰፊው ይረግጣል ብዬ አላስረዳሁትም። ለዚያ ሰው ያለኝ ትዕግሥት ከጎማው ነፋስ ጋር ወጥቶ ነበር። አብዬ እንድሪስ ክንዱን ይዘው ወደ ኋላ ወሰዱት።

ወንዶቹ ገፍተው መንገድ ላይ መለሱን፤ ሉባባና መራመድ ያቃታቸው ሴቶች ገቡ። ሞተሩን አስነሳሁ፣ ጠፋ። ፍሪሲዮኑ እንደ ኩዌቱ መርገጫ ታዛዥ አይደለም። ደግሜ አስነሳሁ፣ ደግሞ ጠፋ። ከኋላ ከሚከተሉት ሰዎች መካከል ይማም አንድ ነገር ተናግሮ ሳቀ። በሦስተኛው መኪናዋ ተነስታ እንደ ሰው እርምጃ ወረደች።

እና አንባቢዬ፣ እዚያ ቁልቁለት ላይ፣ እህቴ ከኋላዬ እያማጠች፣ ሳቅ ሊያፈነዳኝ ደረሰ። መሪው ቀላል ነበር! ተበላሽቶ አይደለም፤ ሲፈጠርም ቀላል ነው። በአንድ ጣት ይዞራል። ያ ሁሉ ወንድ፣ ያ ሁሉ "አክብጂው"፣ ቀኑን ሙሉ የሚይዘው ይህን ነበር። እኔ ቤት እየመጣ በላብ የሚጠመቀው በሕይወቱ ይዞት የማያውቀውን ክብደት ፍለጋ ነው። እኔ ደግሞ እውነተኛው ከብዶ ይጥለኛል ብዬ ስፈራ ነበር።

ኩርባው ደረሰ። ጠመዘዝኩ፤ መጀመሪያ መዳፌ ላይ ያለች ትንሽ ክብደት ነበረች፤ ጠፋች። መሪው ባዶ ሆነ። እጄ ጨምሪ፣ ጨምሪ ይለኛል፤ የፈራ እጅ ሁሉ ያንኑ ነው የሚለው። አልሰማሁትም። ጥቂት መለስኩለት፣ ፍሬኑን ቀለል አደረግኩ። መኪናዋ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ወደ ገደሉ ሄደች፣ ሴቶቹ ጮኹ። ከዚያ ክብደቷ መዳፌ ላይ ተመለሰች። ጎማው ነከሰ። "መጣ" አልኩ ጮክ ብዬ፤ ማን እንደመጣ ያወቀ የለም። ታጠፈች።

ከዚያ ወዲያ ኩርባ በኩርባ፣ እየቀለለ እየመለስኩለት፣ እየከበደ እየጠመዘዝኩ ወረድን። አስፋልቱ ስንደርስ እግሬ ፍሬኑ ላይ ደርቆ ነበር። ይማም በጭቃ ተለውሶ ደረሰና መነጽሩን ጠርጎ አጠለቀ። "በይ አሁን አምጪ" አለ። ሰጠሁት። አስፋልቱ ሜዳ ነው፤ መንጃ ፈቃድም የእሱ ነው። እኔ ሉባባን ጭኔ ላይ ማስተኛት ነበረብኝ። ሐይቅን ስናልፍ የሚሸሸው ሰው ሁሉ ያየው ይማምን ነው፤ አንድ እጁ መስኮት ላይ፣ መሪ ጨብጦ።

ደሴ በሰዓቱ ደረስን። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ሁለቱንም አታገኙም ነበር አለን። ሉባባ ተረፈች፤ ሴት ልጅም ወጣች። ሆስፒታሉ በር ላይ ይማም ላገኘው ሁሉ እንዴት አድርጎ ያን ተራራ እንዳወረዳት ሲተርክ አብዬ እንድሪስ ቆመው ሰሙት። "እውነቱን ነው" አሉ በመጨረሻ። "ገደሉ አፍ ድረስ ያደረሰን እሱ ነው።"

ጦርነቱ ከጊዜ በኋላ ሐይቅም ገባ። አልፎ ስንመለስ ጌም ቤቴ በሩ ተገንጥሏል። ስክሪኑን ወስደዋል፣ መሪውንም ወስደዋል፤ መርገጫውን ትተውታል። የመኪና ዕቃ መስሏቸዋል ማለት ነው። እስከ ዛሬ የሆነ ቦታ አንድ ጀግና የሆነ መኪና ላይ ሊገጥመው እየታገለ እንደሚሆን ሳስብ በመዘረፌ እንኳ አልቆጭም። ሌላ መሪ አላስመጣሁም። ደሴ ሄጄ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፤ አሁን በዚያው መስመር ሚኒባስ እነዳለሁ።

ያ ቀን ምን ለወጠብሽ ብትሉኝ፣ ንቀቴን ለወጠው እላለሁ። ድሮ የምንቀው የማያውቀውን ነበር፤ አሁን የማያውቅን አልንቅም፣ እኔም ፍሪሲዮን አላውቅም ነበር። የምንቀው መሪው ሲቀልበት የሚጨምረውን ነው። በዚያ ክረምት መሪ የጨበጠ ሁሉ፣ የዚህም የዚያም ወገን፣ ሲቀልበት ይጨምር ነበር፤ ከኋላው ማን እያማጠ እንደሆነ ዞር ብሎ ያየ አልነበረም። እናንተም መሪ የያዘ ሰው ፊት ተቀምጣችሁ ከሆነ ፊቱን ትታችሁ እጁን እዩ።

በቀደም ይማም ያን ቀን የተወለደችውን ልጁን ይዞ ከደሴ ወደ ሐይቅ ተሳፈረ። ልጅቷ አሁን ትሮጣለች። ከፊት ተቀመጡ፣ እሷ በእኔና በእሱ መሐል። ቁልቁለቱ ላይ ሲያየኝ ቆየና "ይህ መሪ ቀሏል፤ ጋራዥ አሳይው" አለኝ። ኩርባውን እንደጨረስኩ መልስ እንዲሆነው መዳፌን ከፈት አደረግኩ፤ መሪው በራሱ ተሽከርክሮ ቀጥ አለ። ይማም ልጅቷን ለቆ የፊቱን ብረት በሁለት እጁ ጨበጠ። ልጅቷን የያዝኳት እኔ ነኝ፣ በአንድ እጄ። ለመሪው ሌላው ይበቃዋል።